የቆመ ባሕር የለም

ሳሎን ውስጥ የመስታወት ገንዳ ተቀምጧል። ሰማያዊ መብራት በርቶበታል። ሥሩ ነጭ አሸዋ፣ መሐሉ እንደ ካብ የተደረደረ ድንጋይ፣ ከላይ ብርቱካናማና ነጭ ዓሣ አለ። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ የመብራቱን ቀለም በስልኩ እየቀያየረ ያሳያል። መብራቱ ስንት እንደፈጀ፣ ጨው ከየት እንደመጣ፣ ዓሣው በስንት እንደተገዛ ይዘረዝራል። ከድንጋዩ ጀርባ ግን ባለፈው ወር ሐምራዊ የነበረ ኮራል ነጭ አፅም ሆኖ ቀርቷል። ምን እንደገደለው ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው፦ «ውኃው ተበላሽቶ ይሆናል።»

ውኃው ተመርምሯል። ጨዋማነቱ ልክ ነው፤ ሙቀቱ ልክ ነው፤ ካልሲየሙም ልክ ነው። ውኃው አልተበላሸም። ውኃው ቆሟል።

ከአሜሪካ እስከ ጀርመን፣ ከጃፓን እስከ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ቤቱ ውስጥ የጨው ውኃ ገንዳ ያቆመ ሰው በመብራት ይከራከራል፣ በጨው ዓይነት ይከራከራል፣ በጠብታ መድኃኒት ይከራከራል። የውኃው እንቅስቃሴ ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ፣ በተረፈ ገንዘብ የሚገዛ ነገር ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ፍሰት ሳያዘጋጅ ኮራል የሚገዛ ሰው ባሕር አልሠራም፤ ያማረ ኩሬ ነው የሠራው። ይህን እያወቀ ኮራሉን የሚሸጥለት ነጋዴ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሞት እየሸጠ ነው።

ኑሮ በተወደደበት ዘመን የባለ ገንዘብ መጫወቻ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን ገንዳው ውስጥ ያለው ጌጥ ከአንድ ሰው ባሕር የወጣ ነው። ለዚህ ንግድ ከባሕር የሚለቀሙት ዓሦች በብዛት የሚመጡት ከኢንዶኔዥያና ከፊሊፒንስ ነው፤ ትልቋ ገዢ አሜሪካ ናት። ድንጋይ ሠሪ የሚባሉት ኮራሎች በሙሉ ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። በኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መድረሱ በይፋ ተነግሯል። ባሕሩ እየሞቀ፣ ኮራሉ በገዛ ቤቱ እየነጣ ባለበት ጊዜ በሕይወት የተረፈውን አውጥቶ ሳሎን ውስጥ በቸልታ መግደል መጫወቻ አይባልም።

ባሕሩ ራሱ ያጎርሳል

ዓሣ ሲርበው ወደ ምግቡ ይዋኛል፤ ቦታው ሲቆሽሽበት ይሸሻል። ኮራልም እንስሳ ነው፤ ነገር ግን በተተከለበት የሚቀር እንስሳ ነው። ወደ ምግቡ አይሄድም፤ ከቆሻሻውም አይሸሽም። ስለዚህ ባሕሩ ራሱ እየመጣ ያጎርሰዋል፣ ያጥበዋል፣ ያስተነፍሰዋል። የባሕሩ እጅ የውኃው እንቅስቃሴ ነው። እጁ ሲታሰር ኮራሉ በምግብ መሐል ይራባል፤ በውኃ መሐል ይታፈናል።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ውኃ ውስጥ ባለ በማንኛውም ገላ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ስስ የውኃ ሽፋን አለ። ኦክስጅንም ሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የሚፈለገውም ሆነ የሚጣለው ነገር፣ የሚገባውና የሚወጣው በዚያ ሽፋን በኩል ሾልኮ ነው። ውኃው በፈጠነ ቁጥር ሽፋኑ ይሳሳል፤ በዘገየ ቁጥር ይወፍራል። ከገንዳው መሐል የተቀዳ ናሙና ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ኮራሉ ገላ ላይ የተለጠፈው ውኃ ግን ሌላ ውኃ ነው። የቤት መመርመሪያ እዚያ አይደርስም። «ሁሉም ቁጥር ልክ ነበር፣ ኮራሉ ግን ሞተ» የሚለው ለቅሶ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኮራሉ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ፍጥረትም አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ኮራሎች ገላቸው ላይ ባሉ እጅግ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች አጠገባቸው ያለውን ውኃ እያሽከረከሩ እንደሚያማስሉ አሳይቷል። የድርሻውን ይሠራል ማለት ነው። ነገር ግን ክንዱ የሚደርሰው በሚሊሜትር እስከሚቆጠር ርቀት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ባሕሩ ተቀብሎ ካልወሰደው ያው የራሱን ቆሻሻ መልሶ ያማስላል።

ስለ መብራት ብቻ የሚያወሩ ሰዎች አንድ ነገር ይረሳሉ። በኮራሉ ገላ ውስጥ የሚኖረው አልጌ በብርሃን ምግብ ሲሠራ ኦክስጅን ያመርታል። ብርሃኑና ሙቀቱ ሲበረታ የሚከማቸው ትርፍ ኦክስጅን ወደ መርዛማ ውሁድ ይለወጣል፤ ኮራል ከሚነጣባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በጃፓኗ ኦኪናዋ ብዙ ኮራል ከነጣ በኋላ ናካሙራና ቫን ዎሲክ የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ፈተሹት። በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሙቀቱ ሲጨምር ዝግተኛ ውኃ ውስጥ ያሉት ሲነጡና ሲሞቱ ፈጣን ውኃ ውስጥ ያሉት እንደተቋቋሙት አሳዩ። እንግዲህ ውድ መብራት ሰቅሎ ደካማ ፓምፕ የሚያስገባ ሰው ኮራሉን አልጠቀመውም። ምድጃውን አቀጣጥሎ የጭስ መውጫውን ደፍኖታል።

የካርቶኑ ቁጥር

ለፍሰት የሚሰጠው የተለመደ ምክር አንድ ቁጥር ነው፦ የገንዳውን ውኃ በሰዓት አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ የሚያዞር ፓምፕ ይገዛ ይባላል። ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ገዢው አባዝቶ፣ አካፍሎ፣ «ይበቃል» ብሎ ይሄዳል። ይህ ቁጥር ለመሸጥ ይመቻል፤ ለማኖር ግን አይበቃም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 45፣ ከፍታው 45 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ 200 ሊትር ገደማ ይይዛል። በሰዓት 2,000 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ውኃውን አሥር ጊዜ ያዞረዋል። ያ ውኃ በገንዳው ወርድና ከፍታ ሁሉ እኩል ቢከፋፈል ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ከግራ ጫፍ ተነሥቶ ቀኝ ጫፍ ለመድረስ 6 ደቂቃ ይፈጅበታል። አሥሩ ወደ አርባ ቢያድግ እንኳ በሰከንድ ከ1 ሴንቲሜትር ብዙም አያልፍም። በተፈጥሮው ሪፍ ላይ ግን ውኃው በሰከንድ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ማዕበል በሚመታው ግንባር ደግሞ ከግማሽ ሜትር ያልፋል።

እርግጥ ነው፣ በእውነተኛ ገንዳ ውስጥ ውኃው እኩል አይከፋፈልም። ፓምፑ አፍ ላይ ያለው ይወረወራል፤ በዙሪያው ያለውንም ይጎትታል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። አንዱ ኮራል ፊቱን በጅራፍ ሲገረፍ ከድንጋዩ ጀርባ ያለው በቆመ ውኃ ይታፈናል፤ የሁለቱ አማካይ ግን ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው ልክ ይሆናል። የነፍስ ወከፍ ገቢ አደገ ሲባል ሰምቶ ኪሱን የዳበሰ፣ የንጹሕ ውኃ ሽፋን ጨመረ ሲባል ሰምቶ ቧንቧውን ሲከፍት አየር ብቻ የተቀበለው አንባቢ ይህን የአማካይ ጨዋታ ያውቀዋል። አማካይ ማንንም አያጠጣም። መጠየቅ ያለበት ፓምፑ ስንት ሊትር ገፋ አይደለም፤ እያንዳንዱ ኮራል ያለበት ቦታ ላይ ምን ደረሰ ነው።

ቁጥሩ ራሱም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ፓምፑ ውኃ ወደ ላይ ሳያነሣ የሚገፋው መጠን ነው። ከታችኛው ገንዳ ወደ ላይ፣ በጠባብ ቱቦና በመታጠፊያ በኩል ሲገፋ ብዙ ይቀንሳል። ወራት ሲያልፉ ካልሲየም ውስጡ ይጋገርና ደግሞ ይቀንሳል። ገዢው ግን የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ይዞ ይኖራል።

ማታ ማን ያራግባል?

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሌሊት የሚሆነው ነው። ቀን ቀን አልጌው ኦክስጅን ይሠራል። መብራቱ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ መተንፈሱ ግን አይቆምም። ኮራሉ፣ አልጌው፣ ዓሣው፣ አሸዋው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሁሉ ያለውን ኦክስጅን ይሻማሉ። የጨው ውኃ ደግሞ ከመነሻው ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ አነስተኛ ነው፦ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨው የሌለው ውኃ በሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ሲይዝ የባሕር ውኃ 7 አይሞላም።

ታዲያ ብዙ ሰው በዚሁ ሰዓት ምን ያደርጋል? ድምፁ እንቅልፍ ነሣኝ ብሎ ፓምፑን ይቀንሳል። ጭራሽ የሚያጠፋውም አለ። ኮራሉ አየር በሚያጥርበት ሰዓት አየሩን ይዘጋበታል ማለት ነው።

ቀይ ባሕር ሲነሣ ወደብና መርከብ ብቻ ለሚታየው አንባቢ አንድ ሌላ የቀይ ባሕር ወሬ አለ። እዚያ ባሕር ውስጥ ርዝመቱ ከጣት የማይበልጥ ትንሽ ዓሣ ይኖራል። ሲመሽ ቅርንጫፋማ ኮራል ውስጥ ገብቶ ይተኛል። በኢላት የሠሩ ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህ ዓሣ ተኝቶም ክንፉን ማራገቡን እንደማያቆም አሳዩ። ሌሊቱን ሙሉ በቅርንጫፎቹ መሐል ያለውን ውኃ ያንቀሳቅሳል፤ ኮራሉም በኦክስጅን እጦት ከመታፈን ይድናል። ዓሣው መጠለያ ያገኛል፤ የቤት ኪራዩን በማራገብ ይከፍላል። ይህች ጣት የምታህል ፍጥረት ተኝታ የምትሠራውን ሥራ ሙሉ ሰው በኤሌክትሪክ መሥራት አቃተኝ ሲል መስማት ያሳፍራል።

መብራት ሲጠፋም ያው ነው። ገንዳውን ቀድሞ የሚገድለው ቅዝቃዜ ወይም ረኀብ አይደለም፤ የኦክስጅን እጥረት ነው፤ ለዚያም ሰዓታት ይበቃሉ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ዋጋው ከአንድ ዓሣ ብዙም አይበልጥም። እሱን ሳይገዛ አምስተኛውን ዓሣ የሚገዛ ሰው ምን እንዳስቀደመ ራሱን ይጠይቅ።

ማመካኛዎቹ

የመጀመሪያው «ማጣሪያው ውኃውን ያንቀሳቅሰዋል» የሚለው ነው። አያንቀሳቅሰውም። ውኃን ወደ ማጣሪያ ወስዶ መመለስ አንድ ሥራ ነው፤ ገንዳው ውስጥ ያለውን ውኃ ማማሰል ሌላ ሥራ ነው። ለሁለተኛው ሥራ የተሠራ፣ ብዙ ውኃ በሰፊው የሚገፋ ባለ ውልብልቢት ፓምፕ አለ። አንዱን በሌላው መተካት የቤቱ ቧንቧ ስለሚሠራ መስኮት አያስፈልግም እንደማለት ነው።

ሁለተኛው «ኃይለኛ ውኃ ኮራል ይጎዳል» የሚለው ነው። ይህ እውነት አለበት፤ ስለዚህ በቁም ነገር መመለስ ያሻዋል። ሥጋቸው የወፈረ፣ ረጅም እጅ ያላቸው ኮራሎች በኃይለኛ ግፊት ሥጋቸው ከአፅማቸው ይላቀቃል። ቅርንጫፋሞቹ እንኳ ሳያቋርጥ ከአንድ አቅጣጫ የሚመታ ውኃ ይቦጫጭራቸዋል። ነገር ግን ይህ የሚያስተምረው ፍሰት እንዲቀነስ ሳይሆን እንዲከፋፈልና አቅጣጫ እንዲለዋውጥ ነው። በባሕር ውስጥ ማዕበል ይመጣል፣ ይመለሳል፣ ይዞራል። አንድ ፓምፕ ግድግዳ ላይ ደቅኖ ያንኑ ውኃ እዚያው መምታት ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ኃይለኛ ውኃ ይጎዳል ብሎ የቆመ ውኃ መስጠት ደግሞ ምግብ ያንቃል ብሎ ማስራብ ነው።

ሦስተኛው «ውድ ነው» የሚለው ነው። ለመብራቱ ያልተነሣው ክርክር ለፓምፑ ሲነሣ ነገሩ የገንዘብ እንዳልሆነ ይታወቃል። መብራት ለእንግዳ ይታያል፤ ፍሰት አይታይም። የሃዋዩ ዋይኪኪ አኳሪየም ዳይሬክተር የነበረው ብሩስ ካርልሰን በስሙ የሚታወቅ መሣሪያ ነበረው፦ ከገንዳው በላይ የተቀመጠ ዕቃ ቀስ እያለ ውኃ ይሞላል፤ ሲሞላ በሳይፎን ቱቦ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል፤ እንደገና ይሞላል። ማዕበሉን የሚሠራው ስበት እንጂ ሞተር አይደለም። የውኃ በርሜል የሚያውቅ ቤት ሁሉ ይህን ሐሳብ ይረዳዋል። ብልሃቱ ከጠፋ ገንዘቡ ብቻውን አያድንም።

በቂ ማለት ምን ማለት ነው?

በቂ ፍሰት ካርቶን ላይ አይነበብም፤ በዓይን ይታያል። የዓሣ ምግብ ብናኝ ጣል አድርጎ መከተል ነው። ብናኙ ሁሉንም ጥግ ከዞረ፣ ከድንጋዩ ጀርባም ከወጣ፣ መልካም ነው። አንድ ቦታ ሄዶ ከተቀመጠ ያ ቦታ የሞተ ነው፤ ዝቃጭ ይከማችበታል፣ ቀይ ዝልግልግ ምንጣፍ ያበቅላል። የኮራሉ እጆች ወዲያና ወዲህ ሊወዛወዙ ይገባል፤ አንድ አቅጣጫ ተጣጥፈው ከቀሩ ግፊቱ በዝቷል፤ ጭራሽ ካልነቃነቁ አንሷል። የውኃው ገጽ መሰበር አለበት፤ አየር የሚገባው በዚያ ነውና። ገጹ እንደ መስታወት ከተኛ ሥሩ ያለው ሁሉ ትንፋሹን ይዟል።

መፍትሔውም ድብቅ አይደለም። አንድ ትልቅ ፓምፕ ከመትከል ሁለት መካከለኛ ፓምፖች በሁለት ጫፍ አስቀምጦ በየተራ ማሠራት ይሻላል፤ ሁለት ፍሰቶች ሲጋጩ ውኃው ይዘበራረቃልና። ድንጋዩ ከኋላ መስታወት ጋር ተለጥፎ እንደ ካብ መደርደር የለበትም፤ ውኃ በሥሩም በጀርባውም እንዲያልፍ ክፍት ይተውለት። ፓምፑ በየጥቂት ወሩ ተፈትቶ በአቼቶ ተዘፍዝፎ የተጋገረው ይነሣለት። ኮራል ሲያድግ ራሱ ግድግዳ ይሆናል፤ ትናንት የበቃው ፍሰት ዛሬ አይበቃም። ስለዚህ ጥያቄው አንዴ ተመልሶ የሚዘጋ አይደለም።

ሻጩስ?

ገዢው ባያውቅ ሻጩ ያውቃል። ኮራል የሚሸጥ ሱቅ የራሱ ገንዳ ውስጥ ስንት ፓምፕ እንደተከለ አይቶ መምጣት ቀላል ነው። ለራሱ ዕቃ የሚሰጠውን እንክብካቤ ለገዢው ካልነገረ ዝምታው የንግድ ዘዴ ነው፤ የሞተውን ለመተካት የሚመጣ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ይከፍላልና። አንድ ጥያቄ መጠየቅ ግን ምንም አያስከፍልም፦ «ይህ ኮራል የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ውኃው እንዴት ነው የሚንቀሳቀሰው?» መልስ የሌለው ሰው ያን ቀን ኮራሉን ሳይሆን ፓምፑን ይዞ ይሂድ።

ሌላ ወገን ደግሞ አለ፦ ሁሉም ይከልከል፣ ባሕር በባሕርነቱ ይቅር የሚል። ክብደት ያለው ሐሳብ ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ኢንዶኔዥያ በ2018 እ.ኤ.አ. የኮራል ኤክስፖርትን ስታቆም በሩ የተዘጋው ከሪፍ በሚለቅሙት ላይ ብቻ አልነበረም፤ ኮራል እያባዙ በሚተዳደሩትም ላይ ነበር፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ንግዱ እንደገና ተከፍቷል። ከዚህም በላይ ኮራልን በገንዳ የማኖር ዕውቀት ዛሬ ከጌጥ አልፏል። በፍሎሪዳ ሪፍ ላይ የኮራል በሽታ ሲዛመት በሽታው ካልደረሰበት ሪፍ የተነሡ ኮራሎች በየአኳሪየሙ ተከፋፍለው እንዲጠበቁ ተደርጓል። በ2023 እ.ኤ.አ. በጋ ባሕሩ ሲፈላ በውኃ ሥር ችግኝ ጣቢያ የነበሩ ኮራሎች በጥድፊያ ወደ የብስ ገንዳዎች ተጓጉዘዋል። ገንዳው የኖኅ መርከብ ሆኗል ማለት ነው። መርከቡ ውስጥ ያለው ውኃ ከቆመ ግን የገባው ሁሉ አይወጣም።

ስለዚህ ክርክሩ ኮራል በቤት ይያዝ ወይስ አይያዝ ብቻ አይደለም። ማን ይያዘው ነው። ባሕርን ከነእንቅስቃሴው ማምጣት የሚችል ይያዘው፤ ከእሱ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ለሌላው ይደርሳል፤ ከሪፍ የሚነቀለውም ያንሳል። ቀለሙን ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሥዕል ይግዛ። ሥዕል ኦክስጅን አይፈልግም፤ ማታም አይታፈንም።

ነጩ አፅም ከድንጋዩ ጀርባ ወጥቶ ይጣላል። ቦታው ላይ ሌላ ሐምራዊ ይገባል። መብራቱ ይበራል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ዋጋው ይነገራል። ከድንጋዩ ጀርባ ያለው ውኃ ግን ዛሬም አልተንቀሳቀሰም።